ስም ያልተጻፈበት ካርቶን

ካርቶኑ ላይ ምንም አልጻፍኩበትም። ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በኋላ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ለፓስተሩ ሰጠው፣ ፓስተሩም ዝም ብሎ ተሸከመው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። «የጥያቄ ሳጥን ብለሽ ጻፊበት» ብሎ ማርከር ሰጥቶኛል። ማርከሩን ይዤ ካርቶኑ ፊት ቆምኩ። የምን ጥያቄ እንደሆነ አሰብኩና ፊቴ ጋለ። ማርከሩን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

የምሠራው የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለች አንዲት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጎኗ ትንሽ አዳራሽ አለች። ከታች ካለው ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች ኅብረት የሚያደርጉት እዚያ ነው። በሩን እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሻይ አድላለሁ። የእኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ተማሪዎቹ በእኔ ዕድሜ ናቸው፤ የሚያንሱኝም አሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእነሱ ጋር ያወራሁት ሁሉ ቢሰበሰብ «ስኳር ልጨምር?» ከሚለው ብዙ አያልፍም። ሰው ሲያየኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ትሪ ስይዝ ግን እጄ ሥራ ስለሚያገኝ ይቀለኛል።

ፓስተሩ የተማሪዎቹ መጋቢ ነው። ወጣት ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። አንድ እሁድ ከሰዓት ስብከቱን ጨርሶ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋና፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ልዩ ፕሮግራም እንዳለ ተናገረ። ከቤተ ክርስቲያናችን አባላት አንዷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከእሷ ጋር ሆኖ ስለ ሰውነት፣ ስለ ግብረ ሥጋ፣ ስለ እርግዝናና ስለ በሽታ ሊያስተምር ነው።  ከዚያ ከኋላ ሳቅ ተነሣ።

«ፓስተር፣ ፈተና አለው?» አለ አንዱ።

«ፈተናውማ ውጭ እየጠበቀህ ነው» አለው ፓስተሩ። «ስልካችሁ ላይ የምታዩትን የማላውቅ መሰላችሁ? ከዚያ ከምትማሩት ከእኔና ከሲስተር ብትማሩ ይሻላችኋል። ጥያቄ ያለው ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይክተት። ማን ጻፈው ብዬ አልጠይቅም።»

ከሻይ ጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ብርጭቆ እያደረቅኩ ነበር። አንዱን ብርጭቆ በጣም ረጅም ጊዜ አደረቅኩት። ምክንያቱም ጥያቄ ነበረኝ። ያውም አሥር ዓመት ያደረ ጥያቄ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአክስቴ ጋር እንኖር የነበረው ከዚሁ ዳገት ከፍ ብሎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥቼ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሰብስቤ አወርድላታለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሳሙና ሆኖ ነበር። ሸክሙ ከጀርባዬ ገፋኝ፣ እግሬ ከዳኝ፣ ተንሸራትቼ ሄጄ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ እግሬን ከፍቼ አረፍኩ። ደማሁ። ቅጠሉን እዚያው ጥዬ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አክስቴ ውኃ አሙቃ ጨው ጨምራ አጠበችኝ። እጇ ርኅሩኅ ነበር፤ አፏ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ለማንም እንዳትናገሪ። ሰምተሻል? ለማንም! በኋላ ማን ያገባሻል?»

መውደቅና ማግባት ምን እንደሚያገናኛቸው ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው፤ ልጆች ሽንት ቤት ጀርባ ሲያወሩ ሰምቼ። ከዚያ ወዲህ ስለ ንጽሕና በተሰበከ ቁጥር የተሰነጠቀ ሰሃን ሆኜ ነው የምቀመጠው። አንድ ሰው አንስቶ ወደ ብርሃን ቢያዞረኝ ስንጥቁ የሚታይ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ላገባ ነበር። እጮኛዬ ላምበረት መናኸሪያ ትኬት ይቆርጣል። የእኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ብዙ የማይቆጣ ሰው። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ተወስኗል። እናቱ ያሉት አገር ቤት፣ ከደሴ ወዲያ ነው። በእሳቸው አካባቢ የሠርጉ ማግስት ሚዜዎች የሙሽራዋ ደም የነካውን ጨርቅ ይዘው እየጨፈሩ ለቤተሰብ ያሳያሉ። አንድ ቀን በስልክ አገናኘኝና ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም» አሉኝ፤ «የሠርግሽ ማግስት ደስታዬን ብቻ አሳዪኝ።» እሺ እማማ አልኩ። ስልኩን መለስኩለት።

ቤተ ክርስቲያን ለሚጋቡ ሰዎች ትምህርት ትሰጣለች። ስድስት ሳምንት ተማርን። ስለ ይቅርታ፣ ስለ መደማመጥ፣ ስለ አማት አያያዝ። ስለ መኝታ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አስተማሪያችን፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እሱን እግዚአብሔር ራሱ ያስተምራችኋል» አሉና መጽሐፉን ዘጉት። እኔና እጮኛዬ ወለሉን አየን።

እንግዲህ ጥያቄዬን የምጠይቅበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ፓስተሩ በተናገረበት እሁድ እኔው ራሴ ከሳሙና ካርቶን በቢላ ቀድጄ በአዳራሹ በር ጥግ ያስቀመጥኩት ሳጥን ነው። ሰኞ አዳራሹን ስጠርግ መዘምራን ጥለውት የሄዱትን የመዝሙር ግጥም ወረቀት አነሣሁ። ጀርባው ባዶ ነበር። ቀደድኩና ጻፍኩ፦ «በልጅነቷ ከዳገት ተንሸራትታ ጉቶ ላይ ወድቃ የደማች ልጅ በሠርጓ ቀን ባትደማ ድንግል አይደለችም ማለት ነው? ሰው ባያምናትስ ምን ታድርግ?» አራት አጥፌ ከተትኩት። ሳጥኑን ነቅነቅ አደረግኩት። የሌሎችም ወረቀቶች ውስጡ ነበሩ፤ ብቻዬን አልነበርኩም።

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። ጉዱም የሆነው በዚያ ቀን ነው።

በአዳራሹ በር ጥግ ከድሮ ጀምሮ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ፤ የጸሎት ሳጥን ነው። የታመመ፣ ሥራ ያጣ፣ ልቡ ያዘነ ሰው ርዕሱን ጽፎ ይከታል። ብዙ ሰው ስሙን አይጽፍም። ማክሰኞ የጸሎት ቡድኑ ይሰበስበውና ረቡዕ በጾም ጸሎት ላይ እየተነበበ ይጸለይበታል። በዚያ ማክሰኞ ሊሰበስቡ የመጡት ከእንጨቱ ሳጥን አጠገብ ቀዳዳ ያለው፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ በወረቀት የሞላ ካርቶን አገኙ። እኛ ቤት ሰው ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ወረቀት ከከተተ ጸሎት ፈልጎ ነው፤ ሌላ ነገር ማንም አያስብም። «ሳጥኑ ሞልቶ ሌላ ጨመሩበት፤ ጌታ ይመስገን!» ብለው ሁለቱንም ገለበጡ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ገደማ፣ አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ነበር። ሥራዬ ጸሎቱ ሲያልቅ ውኃ ማደል ስለሆነ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የጸሎት መሪያችን የሰባት ልጆች እናት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ሲያደርጉ ጸጥ ይላል፣ ቀጣዩ ይነበባል። ስለ አንዲት እናት ኩላሊት ተጸለየ። ስለ ቪዛ ተጸለየ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ፈቱ።

«ኮን... ኮንዶም ይቀደዳል ወይ?» ብለው አነበቡ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ከልማድ የተነሣ፣ «ይቀደድ በኢየሱስ ስም!» አሉ።

ሳቅ የለም። ሁለት ሦስት ዓይኖች ተከፈቱ። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በእሳቸው እምነት በጌታ ቤት የተጻፈ ወረቀት ሁሉ የሰው ጩኸት ነው፤ ሳይነበብ አይታለፍም። ቀጣዩን አነበቡ። አንዲት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ሕመሙ ክፍል እንደማያስገባትና ይህ በሽታ ይሁን ጤና እንደማታውቅ ጽፋለች። ለእሷ በጣም ተጸለየ፤ አንዳንድ እናቶች አለቀሱ። እኔ በዚያ ጸሎት አልቀለድም። ግን ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነበር፤ በሽታ ነው ወይስ አይደለም ነው ያለችው። ይህን የመለሰላት ሰው የለም።

ሦስተኛው የእኔ ነበር።

ቃሎቼን በእትዬ ድምፅ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ ማንም አልጸለየም። ከመካከል አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ተንሸራተትኩ ነው የምትለው?» አለች። «ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው።» ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ እትዬ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ላይ የመዝሙር ግጥም አለ።

«ይህ የመዘምራን ወረቀት ነው» አሉ።

እኔ ውኃ ሳላድል ወጣሁ።

እስከ ዓርብ ወሬው ዳገቱን ወርዶ ወጣ። በተማሪዎቹ መዘምራን ውስጥ ቀለበት ያሰረች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሦስተኛ ዓመት ናት፣ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይወጣል፣ አለባበሷ ያምራል። እውነቱን ለመናገር አልወዳትም ነበር። አንድ ቀን ሻይ ሳቀብላት በጓደኞቿ ፊት፣ «አንቺ፣ ይሄ ሻይ ነው ሽሮፕ?» ብላ አስቃብኛለች። አሁን ግን ወረቀቱ የእሷ ነው ተባለ። በአዳራሹ ስታልፍ ሰው ወሬ ያቋርጥ ጀመር። አንድ ጊዜ መድረኩ ጀርባ ግድግዳውን እያየች ቆማ አገኘኋት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «መጥረጊያ ልውሰድ ብዬ ነው» አልኩና መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

ፓስተሩም ጠየቀኝ። «ካርቶኑ ላይ ጽፈሽበት አልነበረም?»

«ረስቼው ነው፣ ፓስተር።»

«እሺ» አለ፤ ሌላ ምንም አልተናገረኝም። ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ግን «ምልክት ሳላደርግበት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» ማለቱን በኋላ ሰማሁ።

ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በአዳራሹ ተቀመጡ። ፓስተሩ፣ እትዬና መዘምራኑ ሁሉ ነበሩ። እኔ ሻይ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፤ ጨዋ፣ ሰው የማያስቀይሙ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቴ ተዘርግቷል።

«ፓስተር፣ በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን» አሉ። «ግን ያየነው ፍሬ ይህ ነው። ለዚህ ነገር ጤና ጣቢያ አለ፣ ኮሌጃቸውም ክሊኒክ አለው። የእኛ ሥራ ቃሉን ማስተማር ነው። ፕሮግራሙ ቢቀር ይሻላል ብለናል።»

«ጋሼ፣ ሰውነታቸውን የፈጠረው እኮ እኛ የምንሰብከው ጌታ ነው» አለ ፓስተሩ።

«እሱን አልካድንም። ይቆየን።» ወደ ዘማሪዋ ዞሩ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ ልስላሴው ግን ከቁጣ ይከፋ ነበር። «ልጄ፣ ማንም አይፈርድብሽም። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ብትነግሪን ያልቃል። እስኪጣራ ድረስ ከአገልግሎት ብታርፊ...»

«የእኔ አይደለም አልኩ እኮ!» አለች። ያ ትልቅ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ስንቴ ልማል?»

«መሐላ አያስፈልግም።»

«ታዲያ ምንድነው የሚያስፈልገው?»

ትሪውን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ቀረብኩ። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ሲንኳኩ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፈርቼ የኖርኩት እሱን ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ መዞሩን። ከዞረ ወዲያ ግን የሚቀር ነገር የለም። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

 ከዚያ ሰብሳቢው ፈገግ አሉ፤ የሚያዝን ሰው ፈገግታ። «ልጄ፣ ልብሽ ደግ ነው። እሷን ለማዳን ብለሽ ግን...»

«እሷን ምን በወጣኝ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ልል አስቤ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ ዘማሪዋም በእንባዋ መሃል አየችኝ። በሩ ጥግ ሄጄ ባዶውን ካርቶን አመጣሁ። ማርከሩ እስከዚያ ቀን ከሽርጤ ኪስ አልወጣም ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በትልልቁ፣ ስድስተኛ ክፍል በተማርኩት ጽሕፈት፣ «የጥያቄ ሳጥን» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ከወረቀቱ አጠገብ ገፋ አደረግኩት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ የዚህችው ልጅ ነው» አሉ።

«ፓስተሩ እንድጽፍ ነግሮኝ ነበር፤ አፍሬ ነው የተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ተንሸራትቼም ነው የደማሁት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ምስክር ናት። ምስክር ማምጣት ግን አልነበረብኝም።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡ። «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ለባለቤቴ ብትነግሪያት፣ እንደ እናት...»

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹እንደምን አደርሽ› ሲሉኝ ኖረዋል። ከእንደምን አደርሽ ተነሥቼ እዚህ ነገር ላይ እንዴት ነው የምደርሰው?»

«ጤና ጣቢያውስ?»

«የጤና ጣቢያው ዘበኛ የአክስቴ ጎረቤት ነው። ከበሩ ሳልገባ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። የኮሌጁ ክሊኒክ ደግሞ የተማሪ መታወቂያ ይጠይቃል፤ እኔ መታወቂያ የለኝም።» ወደ ተደረደሩት ወንበሮች አመለከትኩ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ በየሳምንቱ ስለ ሥጋ ኃጢአት ይሰበካል። ወንበር የምደረድረው እኔ ነኝ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስለ ሥጋ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ፈሪ ያደረጋችሁን እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ልትነግሩንም የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ በኋላ ወዲያው ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሌላ የተናገርኩትን በደንብ አላስታውስም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ዘማሪዋ በአገልግሎቷ ትቀጥላለች። አዳራሹ ለዚያ ፕሮግራም አይሰጥም። እኔ ለሁለት እሁድ ሻይ ሳላቀርብ «ዕረፍት» እወስዳለሁ። ዕረፍቱ ቅጣት መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ፓስተሩ በትሕትና፣ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ተማሪዎቹን ለጸሎት እንጦጦ ይዤ እወጣለሁ። ሲስተርም አብራን ትመጣለች» አላቸው። ሰብሳቢው ረጅም ጊዜ አዩት። «ጫካው የእኛ አይደለም» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ። መፍቀዳቸው ይሁን መከልከላቸው ለማንም ግልጽ አልነበረም፤ ፓስተሩ ግን እንደ ፈቃድ ወሰደው።

ወደ እንጦጦ የሚወጡትን ተማሪዎች ስም ዝርዝር የምትይዘው ዘማሪዋ ነበረች። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ይቅርታ አላለችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ስሜን ጻፈች። ቀጥሎ ዲፓርትመንት የሚል ቦታ አለ። እስክሪብቶዋን አንሥታ አሰበችና «አዳራሽ» ብላ ሞላችው። «ስንተኛ ዓመት ነሽ?» አለችኝ። «ሦስተኛ» አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን በእግር ወጣን። ነጠላ የለበሱ እናቶች ወደ እንጦጦ ማርያም ይሄዱ ነበር፤ ሰላምታ ሰጠናቸው፣ እኛ ወደ ባሕር ዛፉ ተጠመዘዝን። እኔ ሁለት ፔርሙዝ ይዣለሁ፤ ሻይ አቅርቢ ያለኝ ባይኖርም ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። የወደቅኩበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩት። ጉቶ በየቦታው አለ፤ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። ከአንዳንዱ ጉቶ አዲስ ዛፍ በቅሎ ከእኔ በልጧል።

እትዬም መጥተው ነበር። «ልጆቹን ልጠብቅ» ብለው፣ ከኋላ ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። በቦርሳቸው ከካርቶኑ የወሰዷቸውን ወረቀቶች በሙሉ ይዘው መጥተዋል፤ ለሲስተር ሰጧት። ሲስተር የሰውነት ሥዕል ያለበትን ትልቅ ወረቀት ዛፍ ላይ በገመድ አሰረች። ፓስተሩ ጸለየና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያነብላት ጀመር፤ እሷ ትመልሳለች። ኮንዶም ጊዜው ካለፈ፣ ወይም በሚገባ ካልተያዘ ሊቀደድ እንደሚችል ተናገረች። ያን ጥያቄ የጻፈው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ከልጆቹ አንዱ ግን በጣም በትጋት ጫማውን ይመለከት ነበር። ስለ ወር አበባ ሕመም ተናገረች፤ የትኛው የተለመደ እንደሆነ፣ የትኛው ሐኪም እንደሚፈልግ።

የእኔ ሲነበብ እጄን አወጣሁ። «የእኔ ነው» አልኩ። ማድረግ አልነበረብኝም። ፈልጌ ነው።

ሲስተር ወደ እኔ ዞራ ተናገረች፤ ለአርባ ሰው እንደምትናገር ሳይሆን ለእኔ። የመጀመሪያ ቀን ብዙ ሴቶች እንደማይደሙ፣ ያ ስስ ቆዳ በእያንዳንዷ ሴት የተለያየ እንደሆነ፣ አንዳንዷ ከተፈጥሮዋ ጥቂት ብቻ እንዳላት ነገረችኝ። «ሐኪምም ቢሆን አይቶ ድንግል ናት፣ አይደለችም ሊል አይችልም» አለች። «አንቺ ልጅ ሆነሽ ቆስለሽ ነበር። ቁስሉ ድኗል። ጉልበቷ የተላጠ ልጅ ምንም እንዳልጎደለባት ሁሉ አንቺም ምንም አልጎደለብሽም። ደም ስለ ሴት የሚመሰክረው ነገር የለም።»

 ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁና ለማንም ሳልሰጥ ራሴ ጠጣሁት።

ከኋላ እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ ልጅ» አሉ ለሲስተር፤ «ይህን ሁሉ ስታውቂ የት ነበርሽ? ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ስንት ጾም ባተረፍሽን!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሴት ልጆች አሏቸው፤ ለማናቸው አስበው እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም።

እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ይህ ነገር ያከራክራል። የተማሪዎች መጋቢ እንዲህ ያለ ነገር ማስተማር አለበት ወይስ የለበትም ይላሉ። እኔ ትምህርቴ አነስተኛ ነው፤ ግን በዚህ ላይ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ሰው አላየሁም። ብቻውን አያስተምር፤ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይምጣ። ማን ጻፈው ብሎ አይጠይቅ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፍበት። ከዚያ በኋላ ያስተምር። ሌላ ቦታ ሂዱ የሚሉን፣ ሌላው ቦታ ለእኛ በር እንደሌለው የማያውቁ ናቸው። ተማሪ ላልሆነውም ወንበር ይኑር።

በዚያ ቀን ከተራራው ስንወርድ ወደ ቤት አልሄድኩም። ፔርሙዞቹን እንደያዝኩ ላምበረት ወረድኩ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ ተሸካሚዎች ሻንጣ በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይጋፋሉ። እጮኛዬ በትኬት መስኮቱ ውስጥ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ፤ በሥራ ሰዓት ሄጄበት አላውቅም። ጓደኛውን መስኮቱ ላይ ተክቶ ወጣ።

ሁሉንም ነገርኩት። ጉቶውን፣ አክስቴን፣ ወረቀቱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሲስተር ያለችውን። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ መሬቱን ሳላይ። ወረቀቱ የእኔ መሆኑን ከሰው ሰምቶ እንደነበር ከፊቱ አወቅኩ። ልጠይቅሽ አላለኝም ነበር፤ እኔ እስክናገር ጠብቋል፣ ወይም ፈርቷል።

«በሠርጋችን ጨርቅ አይወጣም» አልኩት። «ብደማም አይወጣም፣ ባልደማም አይወጣም። ይህ ካልተስማማህ አሁን ንገረኝ፤ ለጋብቻ የላክሃቸው ሽማግሌዎች የመጡበትን መንገድ ያውቁታል።»

«እኔ ጨርቅ መቼ ጠየቅኩሽ?» አለ።

«እናትህ ጠይቀውኛል። አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ዝም አልክ።»

አንገቱን አከከ። «ልክ ነሽ» አለ። «ዝም አልኩ። እማዬን ግን... እሷን ማን ይነግራታል?»

«እኔ። ደውል።»

«አሁን? ተሳፋሪ ተሰልፎ እኮ ነው።»

«ይሰለፍ።»

ከመስኮቱ በኩል አንዲት ሴትዮ፣ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!» አሉ። እጮኛዬ ወደ እሳቸው አየ፣ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለና ሰጠኝ። ፔርሙዞቹን ለእሱ አስያዝኩት፤ ሁለቱን እጆቼን ስልኩ ላይ አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ጠራ። አራተኛው ላይ ተነሣ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ቁጭ ይበሉ።»